ነባሩ ይገባል፣ አዲሱ ይመለሳል፦ የአንድ ሀዋሳ ማሠልጠኛ የሎግ ኢን ጉዳይ

"ነባሮቹ ይገባሉ። እምቢ ያሉት አዲሶቹ ናቸው። ፓስወርዱን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ልክ ነው።"

ይህን ያለችኝ ሀዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የግል ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ላቡን የምትይዝ ልጅ ናት። የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም። ወቅቱ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጅ "ሜዳ ለሜዳ ከሚውል ኮምፒውተር ይማር" እያለ ልጁን ያስመዘግባል። ማታ ማታ ደግሞ ከሥራ ወጥተው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚማሩ ይመጣሉ። አዲስ ዙር በተጀመረ ቁጥር ሠልጣኙ በሚቀመጥበት ማሽን ላይ የራሱ አካውንት ይከፈትለታል። አካውንቶቹን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሰርቨር የለም፣ ዶሜይን የለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ነው የሚኖረው። ሁሉም ከአዲስ አበባ "ስላይትሊ ዩዝድ" ተብለው የመጡ ዴስክቶፖች ናቸው፣ የተጫነባቸውም ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው።

ልጅቷ ሳታውቀው የምርመራውን ግማሽ ሠርታ ነው የደወለችው። ብዙ ሰው "ኮምፒውተሩ አይገባም" ብቻ ብሎ ዝም ይላል። እሷ ግን የሚገባውንና የማይገባውን ለይታለች። ነባሩ ገብቶ አዲሱ ካልገባ፣ ሀርድ ዲስኩም ዊንዶውሱም ቢያንስ በደንብ ይነሳሉ ማለት ነው። የሚጠረጠረው ለአዲስ ሰው ብቻ የሚሠራ ነገር ነው።

ለአዲስ ሰው ብቻ የሚሠራ ነገር ደግሞ አለ። ሎግ ኢን ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ሁለት ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ ስሙንና ፓስወርዱን ያመሳክራል። ይህ ካለፈ በኋላ የሰውየውን ፕሮፋይል ይከፍታል፦ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንቱን፣ የግል ሴቲንጉን። ነባር ሰው ፕሮፋይሉ ስላለ ተከፍቶለት ይገባል። አዲስ ሰው ግን ገና ምንም የለውም። ስለዚህ ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ ውስጥ ያለውን ዲፎልት የሚባል የተደበቀ ፎልደር ይወስድና በአዲሱ ሰው ስም ይቀዳዋል። ይህ መቅዳት ከተበላሸ ሰውየው ቁልፍ ተሰጥቶት ቤቱ እንዳልተሠራለት ተከራይ ነው። ቁልፉን ቢቀይሩለት ዋጋ የለውም።

ይህን ይዤ ነው ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ ላቡ የሄድኩት። ግምት ግን ግምት ነው። እዚያ ስደርስ ነገሩ ከአንድ በላይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሁሉም "አልገባም" አንድ አይደለም

ልጅቷ የሠልጣኞቹን ስም በወረቀት ጽፋ፣ ያልገቡት ጎን ኤክስ አድርጋለች። ጥሩ ነው፣ ግን ኤክስ ብቻውን አይናገርም። "እስቲ እያንዳንዱ ላይ ስክሪኑ ምን እንዳለ ጻፊበት" አልኳት። በየማሽኑ እየዞርን፣ ሠልጣኞቹም እየገቡ እያሳዩን ጻፍነው። አንድ ዓይነት የመሰለው ችግር እዚያው ተበታተነ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሠልጣኞች "ዩዘርኔም ወይም ፓስወርድ ትክክል አይደለም" ነው የሚላቸው። አንዱን ልጅ እየጻፈ አየሁት። ፊደሎቹን ከላይ ይጽፋል፣ ቁጥሮቹን ግን በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ካለው የቁጥር ሰሌዳ ይመታል። ፓስወርድ መጻፊያው ጫፍ ላይ ያለችውን የዐይን ምልክት ተጭኖ እንዲይዝ ነገርኩት። ፊደሎቹ አሉ፣ ቁጥሮቹ የሉም። ነም ሎክ ጠፍቷል። አበራው፣ ገባ። ልጁ ሳቀ፣ ጓደኞቹ ደግሞ ለቀናት የሚስቁበት ነገር አገኙ።

ሁለተኛው ቡድን የሚያየው "ከመግባትህ በፊት ፓስወርድህን ቀይር" የሚል መልእክት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። አካውንቱ በኮምፒውተር ማኔጅመንት በኩል፣ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ከሚባለው ቦታ ሲከፈት "ሰውየው ሲገባ ፓስወርድ ይቀይር" የምትል ሳጥን ራሷ ምልክት ተደርጎባት ነው የምትመጣው። ከፋቹ ካላነሳት ሠልጣኙ ላይ ትወጣለች። አንዱ ኦኬ ብሎ ይቀይራል፣ ሌላው ይደነግጥና ካንስል ይላል። ካንስል ያለው ወረቀቱ ላይ ኤክስ ሆኖ ይቀመጣል።

የቀሩት ናቸው እውነተኛው ጉዳይ። ፓስወርድ ይጽፋሉ፣ "ዌልካም" ይላል፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይመጣል፦ "ዘ ዩዘር ፕሮፋይል ሰርቪስ ፌይልድ ዘ ሳይን ኢን"። ከሥሩ ፕሮፋይሉ ሊከፈት አልቻለም ይላል። ኦኬ ሲሉት ወደ መግቢያው ይመልሳቸዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ "ዌልካም" ማለቱ ራሱ ፓስወርዱ ማለፉን ይናገራል። ስህተት ቢሆን ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር። ልጅቷ ግን በጭንቀት ፓስወርዱን ደጋግማ ስትቀይር ነው የከረመችው።

አንድ ሌላ ቅሬታም ነበር፣ ማንም ከዚህ ጋር ያላያያዘው። የማታ ተማሪ የሆነች ሴት "እኔስ ገብቼ ነበር፤ የሠራሁት የቤት ሥራ ግን በማግስቱ የለም" አለች። እሷን ቆየት ብዬ እመለስባታለሁ።

መብራት ነው?

የማሠልጠኛው ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ላቡ ውስጥ ያለው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። "ይኸ መብራት ነው ልጄ፣ ሲሄድ ሲመጣ አቃጥሎት ነው" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እዚህ አገር ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ የሚከሰሰው መብራት ነው፣ ብዙ ጊዜም ክሱ ልክ ይሆናል። ዲስክ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ጥርግ ካለ ፋይል ይበላሻል። ዲፎልት ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል።

ግን ይህን ግምት የሚያስተባብል ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። ላቡ ሁለት ረድፍ ነው፦ በግድግዳው በኩል ያለውና በመስኮቱ በኩል ያለው። ከዚያች ወረቀት ላይ የነም ሎኩንና የፓስወርድ ቀይሩን አውጥተን ስንጥል፣ የቀሩት ኤክሶች በሙሉ ግድግዳው በኩል ናቸው። መስኮቱ በኩል አንድም የለም። መብራቱ ለሁለቱም ረድፍ አንድ ነው። መብራት ረድፍ አይመርጥም፣ አዲስና ነባርም አይለይም።

ለማረጋገጥ ያህል በአንዱ የግድግዳ ማሽን ላይ ዲስኩን የሚፈትሸውን ቼክ ዲስክ አስኬድኩ፤ ንጹሕ ነው አለ። የዊንዶውስን ሲስተም ፋይሎች የሚፈትሸውን ኤስኤፍሲ አስኬድኩ፤ ምንም አላገኘም። ከዚያ አንድ አዲስ የሙከራ አካውንት በሁለቱም ረድፍ ላይ በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ከፈትኩ። መስኮቱ ጋር ገባ። ግድግዳው ጋር ተመለሰ። ነባር አካውንት ግድግዳው ጋር ገባ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ፓስወርድም ሰውም ተጠያቂ አይደለም። ግድግዳው በኩል ያሉት ማሽኖች ዲፎልታቸው አንድ ነገር ሆኗል።

እትዬ ሁለተኛ ሐሳብ አቀረቡ፦ "ፎርማት አድርገህ አትገላግለንም?" ፎርማት ቢደረግ በእርግጥ ይስተካከላል። ግን የነባር ሠልጣኞች ሥራ፣ የፒችትሪ መለማመጃ ኩባንያዎች፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም እንደገና ነው። ያም ሆኖ ምክንያቱን ሳናውቅ እንቀራለን። ምክንያቱ የማሽን ሳይሆን የሰው ልማድ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ይደገማል። ዊንዶውስ የሆነውን ነገር ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን ከፈትኩ።

አንዲት ፋይል

ኢቨንት ቪወርን የሚከፍት ቴክኒሻን ጥቂት ነው። ስታርት ላይ ስሙን ጽፎ መክፈት ብቻ ነው፤ ውስጡ ግን በቀይና በቢጫ የተሞላ ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ሰዓቱን መያዝ ነው። ሠልጣኙ ሎግ ኢን እንዲሞክር አድርጌ፣ ሰዓቱን አይቼ፣ ነባር በሆነው የአድሚን አካውንት ገብቼ ያችን ደቂቃ ብቻ ፈለግኩ።

ሴኩሪቲ በሚለው ሥር በዚያች ደቂቃ ቁጥሩ 4624 የሆነ መልእክት አለ። ትርጉሙ ሰውየው በትክክል ተለይቷል፣ ፓስወርዱ አልፏል ነው። አፕሊኬሽን በሚለው ሥር ደግሞ ከዩዘር ፕሮፋይል ሰርቪስ የመጡ ሁለት መልእክቶች ተከታትለዋል። የኋለኛው 1500 ነው፤ ፕሮፋይሉ ስላልተከፈተ መግባት አልተቻለም ይላል። ይህን ስክሪኑም ነግሮናል። ዋናው ከሱ ቀድሞ ያለው 1509 ነው። ዊንዶውስ ይህንን ፋይል ከዚህ ወደዚህ መቅዳት አልቻልኩም ብሎ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይጽፋል። መጨረሻው ላይ ምክንያቱ አለ፦ አክሰስ ኢዝ ዲናይድ። ተከልክያለሁ ነው የሚለው።

ፋይሏ ምን መሰለቻችሁ? ዲፎልት ውስጥ፣ ዴስክቶፕ ላይ፣ "ልምምድ" በሚል ፎልደር ውስጥ ያለች አንዲት የኤክሴል ፋይል። ሠልጣኞች የሚለማመዱባት የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ።

የኤክሴል ፋይል ዲፎልት ውስጥ ራሷ ሄዳ አትገባም። ሰው ነው ያስገባት። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርጌ ዲፎልትን ስከፍት፣ የአንድ ሰው ቤት ሆኖ አገኘሁት። የብራውዘር ካሽ አለ፣ የወረዱ ፋይሎች አሉ፣ ዴስክቶፑ ላይ የፒችትሪና የወርድ አቋራጮች በሥርዓት ተደርድረዋል። ቀላል ሊሆን የሚገባው ፎልደር ጊጋባይት ይመዝናል። መስኮቱ በኩል ያለው ግን እንደ ወትሮው ቀላል ነው።

ፋይሏን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ። ማን ሊያነባት ይችላል የሚለው ዝርዝር ላይ ሦስት መስመር ብቻ አለ። ሲስተም አለ። አድሚኒስትሬተርስ አለ። ሦስተኛው ስም የለውም፤ "አካውንት አንኖውን" ብሎ ከጎኑ በኤስ 1 5 21 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ደርድሯል። ተራ ተጠቃሚዎች፣ ማለትም ዩዘርስ የሚለው ቡድን፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። መስኮቱ ጋር ባለው ዲፎልት ያሉት ፋይሎች ላይ ግን አለ። አዲሱ ሠልጣኝ ሲገባ ፎልደሩ የሚቀዳው በእሱ መብት ነው። ያችን ፋይል ማንበብ ካልተፈቀደለት መቅዳቱ እዚያው ይቆማል፣ ፕሮፋይሉም አይሠራም።

ያ ስም የለሽ ቁጥር የቀድሞው ቴክኒሻን ነው። ባለፈው ዙር ማብቂያ ላይ ሥራ ለቋል፣ ሲለቅ አካውንቱን ሰርዘውታል። ስሙ ሲሰረዝ ቁጥሩ ፋይሉ ላይ ቀረ። እትዬ ስልኩ ስላላቸው ደወሉለት፤ እኔም አናገርኩት። ደግ ልጅ ነው፣ ምንም አልደበቀም። አዲስ ሠልጣኝ ሲገባ ዴስክቶፑ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ፈልጎ፣ የራሱን ፕሮፋይል ዲፎልት ላይ ገልብጧል። የልምምድ ፎልደሩን ደግሞ ከራሱ ዴስክቶፕ ከት አድርጎ ዲፎልት ዴስክቶፕ ላይ ፔስት አድርጓል። ግድግዳው በኩል ያሉትን ጨርሶ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ለቀቀ። "በኤክስፒ ጊዜ እንደዛ ነበር የምንሠራው" አለኝ።

ልክ ነው፣ በኤክስፒ ጊዜ እንደዚያ ይሠራ ነበር። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዩዘር ፕሮፋይልስ በሚለው ቦታ "ኮፒ ቱ" የምትል ቁልፍ ነበረች። የፈለጉትን ፕሮፋይል መርጠው፣ ማን እንዲጠቀምበት ገልጸው፣ ወደ ዲፎልት ዩዘር መገልበጥ ይቻል ነበር። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያች ቁልፍ ከዲፎልት ፕሮፋይሉ በቀር ለሌላው ደብዝዛ አትጫንም። የማይክሮሶፍት የኤክስፒ ድጋፍ ያበቃው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው፤ የኤክስፒ ልማድ ግን በየላቡ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ቁልፏ ስትደበዝዝበት በእጁ ገለበጠው።

ከት እና ኮፒ እዚህ ላይ ነው የሚለያዩት፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። ኤንቲኤፍኤስ በሆነ ዲስክ ላይ (የዊንዶውስ የተለመደው የዲስክ አደረጃጀት ነው) ፋይል ኮፒ ሲደረግ አዲስ ፋይል ይፈጠራል፣ የሄደበትን ፎልደር ፐርሚሽን፣ ማለትም ማን ሊያነበው እንደሚችል የሚለውን ዝርዝር፣ ይወርሳል። በዚያው ድራይቭ ውስጥ ከት ሲደረግ ግን ፋይሉ ያው የድሮው ነው፤ አድራሻው ብቻ ይቀየራል፣ የድሮ ፐርሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። ያች የደመወዝ ሠንጠረዥ የቴክኒሻኑ የግል ፋይል እንደሆነች ዲፎልት ውስጥ ገባች። ኮፒ ተደርጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው የለም ነበር። ለዚህ ነው እስከ አሁን ሳይታወቅ የቆየውም፦ እሱ ከሠራ በኋላ እስከዚህ ክረምት ድረስ አዲስ አካውንት የከፈተ አልነበረም።

ጥገናው

በመጀመሪያ የልምምድ ፎልደሩን ብቻ ከአንዱ ማሽን ዲፎልት ላይ አወጣሁት። አዲሱ አካውንት ገባ። ልጅቷ እልል ልትል ነበር። ግን ስታርት ሲጫኑት አይከፈትም። ወርድ ውስጥ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎች የሚለው ላይ የቴክኒሻኑ ፋይሎች ይታያሉ። አንዳንድ ሴቲንግ አሁን የሌለውን የእሱን ፎልደር ይጠቁማል። የሚጠበቅ ነው። የአንድ ሰው ሴቲንግ የሚቀመጥበት ኤንቲዩዘር የሚባል ፋይል አለ፤ እሱን በእጅ ሲገለብጡት የባለቤቱ አድራሻ በየቦታው ተጽፎ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከልካዩን ፋይል አውጥቶ መሄድ ለዕለቱ ያገለግላል እንጂ ጥገና አይደለም። ዲፎልቱ በሙሉ መቀየር አለበት።

ኢንተርኔት ላይ ለዚህ ችግር ሁለት ምክር በብዛት ይገኛል፤ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንደኛው ለዲፎልት ፎልደር "ኤቭሪዋን፣ ፉል ኮንትሮል" ስጡት የሚለው ነው። ይሠራል። ግን ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሠልጣኝ ዲፎልት ውስጥ የፈለገውን ነገር ማስቀመጥ ይችላል፤ ያስቀመጠው ደግሞ ወደፊት ለሚከፈት አካውንት ሁሉ ይቀዳል። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ባለበት ላብ ይህን አላደርግም። ሁለተኛው በኮማንድ ፕሮምፕት የፎልደሩን ፐርሚሽን እስከ ውስጥ ድረስ በአንዴ ሪሴት አድርጉ የሚለው ነው። ችግሩ፣ ዲፎልት ውስጥ አፕሊኬሽን ዳታን የመሳሰሉ ፎልደር የሚመስሉ መጠቆሚያዎች አሉ። ለድሮ ፕሮግራሞች ተብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተመልሰው የተቀመጡበትን ፎልደር ራሱን ያመለክታሉ። ስንከፍታቸው አክሰስ ዲናይድ የሚሉት ሆን ተብሎ ነው። ክልከላው ከተነሳ ኮፒ የሚያደርግ ፕሮግራም እዚያው እየተሽከረከረ ማለቂያ ወደሌለው ፎልደር ይገባል።

ያደረግነው ይህን ነው። ዊንቨር የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን በሁለቱም ረድፍ ያለው የዊንዶውስ ቨርዥን አንድ መሆኑን አየን። ከመስኮቱ ማሽን ንጹሑን ዲፎልት ሮቦኮፒ በሚባለው የዊንዶውስ መገልበጫ፣ እነዚያን መጠቆሚያዎች እንዲዘል አድርገን፣ ወደ ፍላሽ ኮፒ አደረግነው። ፍላሹ ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት የተዘጋጀ ስለሆነ ፐርሚሽን የሚባል ነገር አይዝም፤ እዚህ ላይ ይህ ጥቅም ነው። በግድግዳው ማሽን ላይ የተበላሸውን ዲፎልት አልሰረዝነውም፣ ስሙን ቀየርነው። ከዚያ ንጹሑን ከፍላሹ ዩዘርስ ውስጥ ኮፒ አደረግን። ዩዘርስ ውስጥ ሲገባ የዩዘርስን ፐርሚሽን ወረሰ። ሴኩሪቲውን ከፍቼ ተራ ተጠቃሚዎች ማንበብ እንደሚችሉ፣ መጻፍ ግን እንደማይችሉ አረጋገጥኩ። መጠቆሚያዎቹ አለመኖራቸው በዚህ ላብ ባሉት ፕሮግራሞች ላይ ችግር አላመጣም።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። ያች የማታ ተማሪም የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ አካውንት አልገባ ሲላት ዩዘርስ ውስጥ ገብታ በሰውየው ስም ያለውን ፎልደር በዲሊት ታጠፋው ነበር፤ "ከአዲስ ይጀምር" ብላ። ግን ዊንዶውስ ፕሮፋይሎችን የሚያስታውሰው በፎልደሩ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት ሬጅስትሪ ውስጥ ፕሮፋይል ሊስት የሚባል መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱን ሰው በኤስአይዲ ቁጥሩ (ቅድም ፋይሏ ላይ እንዳየነው ባለው ረጅም መለያ ቁጥር) መዝግቦ ፎልደሩ የት እንዳለ ይጽፋል። ፎልደሩ ጠፍቶ መዝገቡ ሲቀር ዊንዶውስ ይወዛገባል። ያን ጊዜ ሰውየውን በጊዜያዊ ፕሮፋይል ያስገባዋል፤ ሳይን አውት ሲያደርግ በዚያ ውስጥ የሠራው ሁሉ ይሰረዛል። በጥግ በኩል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፣ ግን ማን ያነበዋል? ሴትዮዋ የሠራችው የቤት ሥራ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። መልሰን አላገኘነውም።

ፕሮፋይል የሚሰረዘው በሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ዩዘር ፕሮፋይልስ ከሚለው መስኮት ነው። እዚያ ሲሰረዝ ፎልደሩም መዝገቡም አብረው ይሄዳሉ። ልጅቷን ይህን አሳየኋትና የቀሩትን እሷ ጨረሰቻቸው። ፕሮፋይል ሊስት ላይ መጨረሻቸው ነጥብ ባክ የሚል ሁለት መዝገቦች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው የሌሉ መሆናቸውን ካየን በኋላ፣ ሬጅስትሪውን ኤክስፖርት አድርገን አስቀምጠን አጠፋናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀችኝ፦ "አካውንቱን ሰርዤ በዚያው ስም መልሼ ብከፍትስ?" ስሙ አንድ ቢሆንም ለዊንዶውስ ሌላ ሰው ነው። አዲስ ኤስአይዲ ይሰጠዋል፤ የድሮው ፋይሎች ላይ መብት አይኖረውም። ፓስወርድ ለጠፋበት ሠልጣኝ አካውንቱን መሰረዝ ሳይሆን ፓስወርዱን መቀየር ነው።

ፈተናው ላይ አንድ ጊዜ ገባ ብለን አልተውንም። አዲስ አካውንት ከፍተን ገባን፣ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፋይል አስቀመጥን፣ ሳይን አውት አደረግን፣ ሪስታርት አድርገን ደግመን ገባን። ፋይሉ አለ። ስታርት ይከፈታል። 1509 አልታየም።

ቴክኒሻኑ የፈለገው

ሐሳቡ እኮ መጥፎ አልነበረም። ሠልጣኝ ሲገባ አቋራጮቹ፣ የአማርኛ ኪቦርዱና ፎንቶቹ ቢጠብቁት ማን ይጠላል? ለዚህ ግን ዲፎልትን በእጅ መንካት አያስፈልግም ነበር።

አቋራጮቹንና የልምምድ ፎልደሩን ዩዘርስ ውስጥ ፐብሊክ በሚባለው ፎልደር፣ ፐብሊክ ዴስክቶፕ ላይ አደረግናቸው። እዚያ ያለ ነገር ለነባሩም ለአዲሱም ዴስክቶፕ ላይ ይታያል፣ ለማንም አይቀዳም። ከት ሳይሆን ኮፒ አድርገን ነው ያስገባናቸው፤ ልጅቷ ስታደርገው ጮክ ብላ "ኮፒ" እያለች ነበር። የአማርኛ ኪቦርዱን በአድሚኑ አካውንት ላይ ካስተካከልን በኋላ ኮንትሮል ፓነል፣ ሪጅን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ውስጥ "ኮፒ ሴቲንግስ" የሚለውን ተጫንን። ከሥር ካሉት ሁለት ሳጥኖች ለአዲስ አካውንቶች የሚለውን መረጥን፤ የመግቢያ ስክሪኑን ግን ተውነው፣ ፓስወርድ መጻፊያው ላይ ሌላ ግርግር እንዳይጨመር። ፎንት ሲጫን ደግሞ ቀኝ ክሊክ አድርጎ "ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ" ነው። ያለዚያ ዊንዶውስ 10 ላይ ፎንቱ ለጫነው ሰው ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ሌላው የግዕዝ ፊደሉን በሳጥን ሳጥን ያየዋል።

ዲፎልትን በእውነት መለወጥ የሚፈልግ፣ ሲስፕሬፕ የሚባል የማይክሮሶፍት መሣሪያ አለ፤ መመሪያው በሚጻፍበት የመልስ ፋይል ላይ ኮፒ ፕሮፋይል የሚለውን ትሩ አድርጎ ማስኬድ ነው። ለብዙ ማሽን አንድ ኢሜጅ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚጫን አንድ የዊንዶውስ ቅጂ፣ ለሚያዘጋጅ ጥሩ ነው። እንዲህ ላለ ትንሽ ላብ ግን ትርፍ ድካም ነው ባይ ነኝ።

አካውንት አከፋፈቱም ተስተካከለ። "ሲገባ ፓስወርድ ይቀይር" የምትለዋ ሳጥን ትነሳለች፣ "ፓስወርዱ ጊዜው አያልፍም" የምትለዋ ትመረጣለች። ዊንዶውስ ላይ ካልተነካ የፓስወርድ ዕድሜ 42 ቀን ነው፤ ሁለት ወር በሚፈጅ ሥልጠና መሀል ላይ ሰው ፓስወርድ ቀይር ሲባል ወረቀቱ ላይ እንደገና ኤክስ ይበዛል። መሥሪያ ቤት ቢሆን ይህን አልመክርም፤ ዙሩ ሲያልቅ አካውንቱ ለሚሰረዝ ሠልጣኝ ግን ይበቃል።

አንድ የግድግዳ ማሽን ብቻ ከሌሎቹ ጋር አልተስተካከለም። ዲፎልቱ ከተቀየረ በኋላም አዲስ አካውንት ሲገባ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ አልፎ አልፎም ይመልሳል። ኢቨንት ቪወር ላይ 1509 የለም፤ ሲስተም በሚለው ሥር ግን ከዲስክ የመጣ ቁጥር 7 ተደርድሯል፣ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ አለ የሚለው። እዚህኛው ላይ እትዬ መብራቱን ቢከሱ አልከራከራቸውም። እዚያው ፒያሳ ካለ ሱቅ ኤስኤስዲ ተገዝቶ፣ የነባሮቹ ሥራ በፍላሽ ተገልብጦ፣ ዊንዶውሱ ከአዲስ ተጫነበት።